አብሽሩ፤ ስልክ ቢጠፋ ሥራ አይጠፋም

ወልድያ ውስጥ ስልክ ጠጋኝ ዘንድ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ስልኩ ሲበራ አርማው ላይ ይደርስና አልከፈት ይላል። ጠጋኙ ገመድ ሰክቶ ላፕቶፑን ጥቂት ካየ በኋላ ቀና ብሎ አንዲት ጥያቄ ይጠይቃል፤ «ሶፍትዌር ስጭንበት ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል። የሚፈለግ ነገር አለው?»

እዚህ ጋ ሰው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ፊቱ ይለዋወጣል። የልጁ የመጀመሪያ ልደት ፎቶ፣ የደንበኞቹ የዱቤ ዝርዝር፣ ሪያድ ያለችው እህቱ የላከችው የፓስፖርት ኮፒ፣ ሁሉም ያለው እዚያች ስልክ ውስጥ ብቻ ነው። ሌላው ግን «ምንም የለውም፤ ጫንበት» ብሎ ሻይ ሊጠጣ ይሻገራል። ይህ ሰው ከመጀመሪያው የሚበልጠው በአንድ ነገር ነው፤ አንድ ቀን ማታ ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብሎ ስልኩን ሲንክ አድርጓል።

አብሽሩ! እንደ ሁለተኛው ሰው መሆን ለማንም አይከብድም። ሲንክ ስታደርጉ ስልካችሁ ላይ ያለ ፎልደር ላፕቶፕ ላይ ወይም ክላውድ በሚባለው፣ በኢንተርኔት በሚደረስበት ማስቀመጫ ላይ ግልባጭ ይኖረዋል፤ አዲስ ነገር ሲጨመርበትም ግልባጩ አብሮ ይታደሳል። አንዴ በደንብ ካስተካከላችሁት እናንተ ብትረሱት እንኳ እሱ ሥራውን ይቀጥላል። የሚቀረው ጥያቄ የትኛውን መተግበሪያ እንምረጥ የሚለው ነው። መልሱን ደግሞ ወልድያ፣ መርሳና ሀብሩ ላይ የኖረ ሰው ከማንም በተሻለ ያውቀዋል።

ያለፉት ዓመታት ያስተማሩን

በነሐሴ 2013 የሰሜኑ ጦርነት ወልድያ ሲደርስ ብዙ ሰው ከቤቱ የወጣው እጁ ላይ የነበረውን ብቻ ይዞ ነው። እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ በነበሩት ወራት ስልክ፣ መብራትና ባንክ ተቋርጠው ነበር። ወልድያ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ ብዙ ተቋማት ተዘረፉ፤ ኮምፒውተር ሲወሰድ በውስጡ የነበረው ሥራም አብሮ ተወሰደ። ከዚያ ጊዜ የቀረልን ትምህርት አንድ ቤት ውስጥ ብቻ የተቀመጠ ነገር ከቤቱ ጋር ይጠፋል የሚል ነው። ስለዚህ ግልባጩ ሩቅ መሆን አለበት።

በ2015 መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠና ለብዙ ወራት ሳይመለስ ቆየ። ሥራውን ሁሉ ክላውድ ላይ ብቻ ያስቀመጠ ሰው ያን ጊዜ የገዛ ፋይሉን መክፈት አቃተው። ፋይሉ አልጠፋም፤ ግን አይደረስበትም። ከዚህኛው ጊዜ የቀረልን ትምህርት ከመጀመሪያው ተቃራኒ ነው፤ ግልባጩ ቅርብ መሆን አለበት።

ሁለቱን አንድ ላይ ስናስራቸው ለአካባቢያችን የሚሆን መመሪያ እናገኛለን፤ አንድ ግልባጭ በቅርብ፣ አንድ ግልባጭ በሩቅ። መተግበሪያ ስትመርጡ ማስታወቂያውን ትታችሁ በዚህ ብቻ መዝኑት።

ሐይቅ ያለው መጽሐፍ ሚኒሶታም አለ

«ይህ የፈረንጅ ነገር ነው፤ ለእኛ አይሆንም» የሚል ካለ ከመርሳ ወደ ደሴ ሲሄድ የሚያልፋትን ሐይቅን ያስብ። የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ገዳም ሐይቅ እስጢፋኖስ ዕድሜ ጠገብ የብራና መጻሕፍት ያሉበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን፣ አሜሪካ ያለው ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲና በሚኒሶታ የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም የብራና መጻሕፍት ቤተ መዛግብት ተስማምተው በሀገራችን ያሉ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም ማንሣት ጀመሩ። በዓመቱ አብዮት ፈነዳ፤ ፎቶ ማንሣቱ ግን አልቆመም። በጊዜ ሂደት ከ9 ሺህ በላይ መጻሕፍት ተነሡ፤ የሐይቅ እስጢፋኖስ መጻሕፍትም ከመካከላቸው አሉበት። ታላቁ ሊቅ ጌታቸው ኃይሌም እዚያው ሚኒሶታ ሆነው ለብዙ ዓመታት ሲመረምሯቸውና ሲዘረዝሯቸው ኖሩ።

አስቡት፤ ዋናው መጽሐፍ ገዳሙ ውስጥ፣ ግልባጩ ውቅያኖስ ማዶ። ቅርብም አለ፤ ሩቅም አለ። የዚያን ጊዜ ይህን ለማድረግ ትልልቅ ካሜራ፣ የፊልም ጥቅልል፣ ባለሙያና የብዙ ዓመት ድካም ጠይቋል። ዛሬ እናንተ ይህንኑ ሥራ ኪሳችሁ ውስጥ ባለው ቴክኖ ወይም ሳምሰንግ ትሠሩታላችሁ። ታዲያ ምን እንጠብቃለን?

ከመጫናችሁ በፊት አራት ጥያቄ

ፕሌይ ስቶር ላይ «ሲንክ» ብላችሁ ብትፈልጉ የመተግበሪያው ብዛት ያደናግራል። አራት ጥያቄ ብቻ ያዙ፤ ሦስቱን ያላለፈውን ዝለሉት።

አንደኛ፣ ኔትወርክ በሌለበት ቀን ምን ያደርግልኛል? ፋይሉን ስልኩ ላይ አስቀምጦ ኔትወርክ ሲመጣ ከቆመበት የሚቀጥል ከሆነ ጥሩ ነው። ጭራሽ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ከሆነ ደግሞ የበለጠ ጥሩ።

ሁለተኛ፣ ስንት ጊጋ ይሰጠኛል፤ ስንትስ ጊጋ ይበላኛል? አንድ ፎቶ 4 ሜጋባይት ነው ብንል 250 ፎቶ 1 ጊጋ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ከጥቅል ላይ ሳይሆን «በዋይፋይ ብቻ» በሚል እንዲሠራ የሚፈቅድ መተግበሪያ ምረጡ። ዋይፋይ የሌለው የሌሊት ጥቅል ሲገዛ ብቻ ይክፈተው፤ ሲተኛ ጀምሮ ሲነሣ አልቆ ያገኘዋል።

ሦስተኛ፣ እዚህ ስሰርዝ እዚያስ ምን ይሆናል? ብዙ ሰው የሚጎዳው ይህን ባለመጠየቁ ስለሆነ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አራተኛ፣ እናቴ ብትይዘው ትችለዋለች? አዝራር የበዛበት መተግበሪያ በሦስተኛው ቀን ይረሳል። የምትጠቀሙበት ቀላል ነገር ከማትከፍቱት ረቂቅ ነገር ይበልጣል።

ከእነዚህ ጋር ዓይናችሁን ፈቃድ ላይ ጣሉ። ፋይል ለማስተላለፍ የመጣ መተግበሪያ ያለ ምክንያት የስልክ ቁጥሮቻችሁን ዝርዝር ልይ ካለ ሌላ ፈልጉ።

ለሩቁ ግልባጭ

ፎቶ የሚበዛበት ሰው በጉግል ፎቶስ ይጀምር። አብዛኞቹ አንድሮይድ ስልኮች ላይ ተጭኖ ይመጣል። ከላይ በስተቀኝ ያለችውን የራሳችሁን ምስል ነክታችሁ ባክአፕን ማብራት፣ ከዚያ በሞባይል ዳታ እንዳይልክ መከልከል፣ አለቀ። ጉግል በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋ ነው፤ ይህም ለጂሜይል፣ ለድራይቭና ለፎቶ በጋራ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ ሰኔ 2021 ድረስ መጠኑ የተቀነሰ ፎቶ ከዚህ ሒሳብ ውስጥ አይገባም ነበር፤ አሁን ግን ይገባል። ስለዚህ ጥራቱን ትንሽ ቀንሶ ቦታ የሚቆጥበውን ምርጫ ውሰዱ፤ ለቤተሰብ ፎቶ ከበቂ በላይ ነው።

ነጋዴ ከሆናችሁ ጉግል ድራይቭን ክፈቱ። የመደመር ምልክቷን ስትነኩ ስካን የምትል ካሜራ ታገኛላችሁ። የዱቤ ደብተሩን መስኮት አጠገብ ዘርጉት፤ ጥላችሁ እንዳያርፍበት ከጎን ቁሙ፤ ገጹን አንሡ፤ መተግበሪያው ራሱ ጠርዙን አስተካክሎ ጠማማውን ያቃናዋል። ሁለተኛውን ገጽ ጨምሩ፤ ሦስተኛውን ጨምሩ። መጨረሻ ላይ «ዱቤ ጥቅምት» የሚል ስም ስጡት፤ ሙሉው ደብተር አንድ ፒዲኤፍ ሆኖ ይወጣል። ሱቁ ዝናብ ቢገባበት፣ ደብተሩን አይጥ ቢበላው ማን ስንት እንዳለበት የሚያሳይ ገጽ አላችሁ። ይህን ከወር ወር ልማድ ያደረገ ነጋዴ ሒሳቡን የሚያውቅ ነጋዴ ነው፤ ሒሳቡን የሚያውቅ ነጋዴ ደግሞ ያድጋል።

ወልድያ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፍ የምትሠሩ ወይም መርሳ ላይ ግብርና የምትማሩ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። የድራይቭ መተግበሪያ ስልክ ላይ ያለ ፎልደርን በራሱ አይከታተልም፤ የጫናችሁለትን ብቻ ነው የሚያስቀምጠው። ፎልደሩ በራሱ እንዲላክ ከፈለጋችሁ ፎልደርሲንክ ወይም አውቶሲንክ የሚባሉትን ጨምሩ። ማይክሮሶፍት ዋን ድራይቭ 5 ጊጋ፣ ድሮፕቦክስ 2 ጊጋ በነፃ ይሰጣሉ፤ ጽሑፍ ብቻ ለሆነ ሥራ 2 ጊጋም ብዙ ነው። ሁሌ የምታነቡትን ፋይል «ኦፍላይን» የሚለውን አብሩለት፤ ኔትወርክ ቢጠፋም ይከፈታል።

ቴሌግራምስ? ሁላችንም እጅ ላይ ስላለ በጣም ይጠቅማል። «ሴቭድ ሜሴጅ» ውስጥ እስከ 2 ጊጋ የሚደርስ ፋይል መላክ ትችላላችሁ፤ በአዲስ ስልክ በቁጥራችሁ ስትገቡ ያው ይጠብቃችኋል። ሁለት ነገር ግን እወቁ። ፎቶ እንደ ፎቶ ስትልኩ ጥራቱ ይቀንሳል፤ እንደ ፋይል ላኩት። በተጨማሪ ቴሌግራም በራሱ አይገለብጥላችሁም፤ በእጃችሁ መላክ አለባችሁ፤ በእጅ የሚሠራ ደግሞ ይረሳል። ለአስቸኳይ ነገር ተጠቀሙበት፤ ዋናውን ሥራ ግን አትጣሉበት።

ለቅርቡ ግልባጭ

አሁን ኢንተርኔት ወደማይጠይቀው እንምጣ። ሎካልሴንድ የሚባል ነፃ መተግበሪያ አለ። በአንድሮይድም፣ በአይፎንም፣ በዊንዶውስም ይሠራል። ሁለት መሣሪያዎች አንድ ዋይፋይ ወይም የአንዳቸው ሆትስፖት ላይ ሲሆኑ ይተያያሉ፤ ፋይሉን መርጣችሁ ትልካላችሁ። አንድም ሜጋባይት ከጥቅላችሁ አይቀንስም። አንድሮይድ ስልኮች ላይ ያለው ክዊክ ሼርም ይህንኑ ሥራ ይሠራል። መርሳ ላይ ሰርግ የሚያነሣ ልጅ ማታ ቤቱ ሲገባ የቀኑን ፎቶ ከስልኩ ወደ ላፕቶፑ ለማሻገር ከዚህ የሚቀል መንገድ አያገኝም።

ትንሽ ወደፊት መራመድ ለምትፈልጉ ሲንክቲንግ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የሚሠራ፣ ነፃና ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ፕሮግራም ነው። ፋይላችሁን ማንም ድርጅት ዘንድ አያስቀምጥም፤ ስልክና ላፕቶፕ ፊት ለፊት እንዲነጋገሩ ያደርጋል። ኢንተርኔት የሌለው የቤት ራውተር እንኳ ይበቃዋል። አንድ ትልቅ ፋይል ውስጥ ጥቂት ቦታ ብትለውጡ ሙሉውን እንደገና አይልክም፤ የተለወጠውን ክፍል ብቻ ይልካል። ይህ ብልሃት እ.ኤ.አ. በ1996 አርሲንክ በተባለ ፕሮግራም የታወቀ ነው፤ ኔትወርክ ለሚያጥረው ሀገር ተብሎ የተሠራ ይመስላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ላፕቶፑ ላይ ትጭኑታላችሁ፤ ስልኩም ላይ ትጭኑታላችሁ። ላፕቶፑ የሚያሳየውን ጥቁርና ነጭ ኮድ በስልኩ ካሜራ ታነሣላችሁ። ላፕቶፑ «ይህን ስልክ ልቀበል?» ይላል፤ እሺ ትሉታላችሁ። ከዚያ የካሜራውን ፎልደር ትመርጣላችሁ። በቃ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ስልኩ ቤት ገብቶ ዋይፋዩን ባገኘ ቁጥር የቀኑ ፎቶ ሳትነኩት ይሻገራል። ለአንድሮይድ የነበረው ዋናው መተግበሪያ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ስለቆመ ስልክ ላይ የምትጭኑት ሲንክቲንግ ፎርክ የሚባለውን ነው።

ላፕቶፕ የለንም የምትሉም አትቅሩ። ስልክ ላይ የሚሰካ ኦቲጂ ፍላሽ ወይም ሚሞሪ ካርድ ይበቃል። ሀብሩ ገጠር ውስጥ ያለ የግብርና ባለሙያ የማሳ ፎቶውንና የገበሬ መዝገቡን በየሳምንቱ አርብ ወደ ፍላሽ ቢገለብጥ፣ ሰኞ ከተማ ሲወጣ ደግሞ ወደ ድራይቭ ቢያወጣው ቅርቡንም ሩቁንም አሟላ ማለት ነው።

ፒተር ክሮግ የተባለ አሜሪካዊ ፎቶ አንሺ ይህን በሦስት ቁጥር አሳጥሮታል፤ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ። ሦስት ቅጂ ይኑራችሁ፤ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ ላይ ይሁኑ፤ አንዱ ከቤት ውጭ ይቀመጥ። ፋይሉን ስልክ፣ ላፕቶፕና ክላውድ ላይ ያስቀመጠ ሰው ሳያውቀው ሕጉን ፈጽሟል።

ሲንክ ሲያታልል

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄ። ሲንክ ታዛዥ ነው፤ ታዛዥነቱ ግን ሁለት በኩል ይቆርጣል። ስልክ ላይ ስትጨምሩ እዚያም ይጨምራል፤ ስልክ ላይ ስትሰርዙ እዚያም ይሰርዛል። ቦታ ሞላብኝ ብሎ ጉግል ፎቶስ ውስጥ ፎቶ የሰረዘ ሰው ከክላውዱም ሰርዟል። ስልኩን ለማቅለል ከፈለጋችሁ እዚያው መተግበሪያ ውስጥ ቦታ የማስለቀቂያ ትእዛዝ አለ፤ እሱ የሚያነሣው ወደ ክላውድ የደረሰውን የስልኩን ቅጂ ብቻ ነው። ተሳስታችሁ ከሰረዛችሁም አትደንግጡ፤ ባክአፕ የሆነ ፎቶ በቆሻሻ መጣያው ውስጥ 60 ቀን፣ የድራይቭ ፋይል ደግሞ 30 ቀን ይቆያል። ሲንክቲንግ ላይ ደግሞ ላፕቶፑ በኩል የቆየ ቅጂ የሚያስቀምጠውን ምርጫ አብሩት።

ሁለተኛው አታላይ ባትሪ ነው። ብዙ ስልኮች ባትሪ ለመቆጠብ ሲሉ ከጀርባ የሚሠራውን መተግበሪያ ይዘጉታል። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ለሲንክ መተግበሪያችሁ የባትሪ ገደቡን አንሡለት፤ አለበለዚያ ይሠራል ብላችሁ ስታምኑ ከሦስት ወር በፊት ቆሞ ታገኙታላችሁ።

ሦስተኛው ቁልፍ ነው። ክላውዱ ላይ ሁሉ ነገር እያለ የይለፍ ቃሉን የረሳ ሰው በር ላይ ቆሞ ይቀራል። ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብርታችሁ ሲም ካርዱ ከጠፋም ችግሩ ያው ነው፤ በተለይ ወደ ዓረብ ሀገር የሚሄዱ ልጆቻችን ቁጥር ስለሚቀይሩ ይህ ያጋጥማቸዋል። ጉግል አሥር መጠባበቂያ ኮዶች ይሰጣል። በወረቀት ጻፏቸውና ቤት ውስጥ የቤት ካርታው የሚቀመጥበት ቦታ አስቀምጧቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተከፈተ የጉግል አካውንት ሊሰረዝ እንደሚችልም አትርሱ፤ አልፎ አልፎ ግቡበት።

ቁጭትን ሥራ አድርጉት

ምናልባት ይህን የምታነቡት አንድ ነገር ከጠፋባችሁ በኋላ ይሆናል። ድሩ ሂውስተን የተባለ ወጣት ከቦስተን ወደ ኒው ዮርክ በአውቶቡስ ሲሄድ ሊሠራበት ያሰበውን ፍላሽ ቤት ረስቶ ወጣ። ረጅም መንገድ፣ ባዶ ላፕቶፕ። ከመናደድ አልፎ እዚያው ወንበሩ ላይ ፋይልን ከሰው ጋር የሚያዞር ፕሮግራም መጻፍ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2007 ከአራሽ ፈርዶሲ ጋር ድሮፕቦክስን መሠረተ። ከወልድያ አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በዚህ መንገድ ላይ ፍላሽ የረሳ ከመካከላችን ስንቱ ነው! የጠፋው አንዳንዱ አይመለስም። ገና ያልጠፋው ግን ዛሬም በእጃችሁ ነው፤ የሚያስፈልገውም ያንን ማዳን ነው። አበው «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ያሉት ለዚህ ነው።

የአንድ ሳምንት ሥራ

ሁሉንም በአንድ ቀን እጨርሳለሁ አትበሉ፤ እንዲህ ያለ ወኔ ቶሎ ይበርዳል። ሰኞ ማታ በጣም የሚያስፈልጋችሁን አንድ ፎልደር ብቻ ምረጡ፤ የልጆች ፎቶ ወይም የሱቅ ሒሳብ ወይም ጥናት። ማክሰኞ የሩቁን መተግበሪያ አብሩ። ረቡዕ ሰነዶቻችሁን፣ መታወቂያ፣ ካርታ፣ የትምህርት ማስረጃና ፓስፖርት፣ አንድ በአንድ ስካን አድርጉ። ሐሙስ የቅርቡን ሥሩ፤ ላፕቶፕ ወይም ፍላሽ። አርብ የጉግልን መጠባበቂያ ኮዶች ወረቀት ላይ ጻፉ።

ቅዳሜ ፈተና ነው። የሌላ ሰው ስልክ ወይም ላፕቶፕ ተውሳችሁ ከክላውዱ አንድ ፎቶ አውርዱ፤ ስትጨርሱ ከአካውንቱ መውጣት አትርሱ። ከዚያ ዳታችሁን አጥፉና ከቅርቡ ግልባጭ አንድ ፋይል ክፈቱ። ሁለቱም ከተከፈቱ ሥራው ሠርቷል። አንዱ ካልተከፈተም ደስ ይበላችሁ፤ ችግሩን ያገኛችሁት ስልኩ በእጃችሁ እያለ ነው፤ እሑድ ታስተካክሉታላችሁ።

ከዚያ ለአንድ ሰው አስተላልፉ። ለእናታችሁ፣ ለጎረቤት ባለ ሱቅ፣ ወደ ውጭ ለምትሄድ እህት። ስልኩን ተቀብላችሁ አትሥሩላቸው፤ እነሱ ሲነኩ እናንተ አጠገባቸው ቆማችሁ አሳዩ። አንድ ሰው ለአንድ ሰው ቢያሳይ ከወልድያ እስከ ውርጌሳ ፎቶውን፣ ሒሳቡንና ጥናቱን ሁለት ቦታ ያስቀመጠ ሰው ይበዛል።

ምክሩን ሰምታችኋል፤ መተግበሪያዎቹ ነፃ ናቸው፤ ግማሽ ሰዓትም አይጠፋም። በሉ፣ የመጀመሪያውን ፎልደር አሁኑኑ ምረጡ።